ሐኪምዎን ይጠይቁ፦ «ልጄ መኪና ውስጥ እንደተኛ ለ5 ደቂቃ ብወርድስ?»

ጥያቄ፦ ዶክተር፣ የ7 ወር ወንድ ልጅ አለኝ። መኪናው ገና ከመነሳቱ እንቅልፍ ይወስደዋል። ከሥራ ስወጣ ከእናቴ ቤት ወስጄው ስመለስ ዳቦ ቤት ወይም ፋርማሲ በር ላይ ቆም እላለሁ። ከቀሰቀስኩት እስከ ማታ ሲነጫነጭ ነው የሚያመሸው። ስለዚህ የቪትዟን መስታወት ጣት የሚያስገባ ያህል ከፍቼ፣ በሩን ቆልፌ፣ ለፓርኪንግ ልጁ «እያየህልኝ» ብዬ እወርዳለሁ። ከ5 ደቂቃ አልበልጥም። ባለቤቴ «አዲስ አበባ ደግሞ ምን ሙቀት አለ!» ይለኛል፤ እኔ ግን ልቤ አያርፍም። ስንት ደቂቃ ድረስ ነው ችግር የሌለው?

መልስ፦ ልብዎ ልክ ነው፤ ችግር የለውም የሚባል ደቂቃ የለም። ይዘውት ይውረዱ፤ ካልሆነ እርስዎም አይውረዱ። ምክንያቱን ዘርዘር አድርጌ ላስረዳዎት፤ ምክንያቱ ያልገባው ሰው የቸኮለ ዕለት «ለዛሬ ብቻ» ማለቱ አይቀርም።

ከባለቤትዎ ልጀምር። አየሩ 23 ዲግሪ ሲሆን አዲስ አበባ አይሞቅም፤ እውነታቸውን ነው። የሚሞቀው መኪናው ነው። ብርሃኑ በመስታወቱ ገብቶ ወንበሩንና ዳሽቦርዱን ያግላል፤ ከጋለው ወንበር የሚወጣው ሙቀት ግን በመስታወቱ መልሶ ስለማይወጣ ውስጥ ያለውን አየር ያፍነዋል። በካሊፎርኒያ ፀሐያማ ቀናት በቆመ መኪና ውስጥ ሲለካ፣ ሙቀቱ በ10 ደቂቃ 10 ዲግሪ ተኩል፣ በ20 ደቂቃ 16፣ በግማሽ ሰዓት 19፣ በአንድ ሰዓት 24 ዲግሪ ያህል ጨምሯል። ውጭው 22 ዲግሪም ይሁን 35፣ ጭማሪው ተቀራራቢ ነው። ከ23 የተነሳ መኪና በ10 ደቂቃ 33፣ በግማሽ ሰዓት 42 ገባ ማለት ነው። አዲስ አበባ ደግሞ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ላይ ናት፤ ጥላ ሥር እየበረደን ፀሐይ ላይ ጀርባችንን የሚያቃጥለን ያለምክንያት አይደለም። አዳማና ድሬዳዋ ላሉ አንባቢዎቻችን መነሻው ራሱ ብዙ ጊዜ ከ30 ያልፋል።

መስታወቱን ጣት የሚያስገባ ያህል መክፈት? በዚያው ልኬት 4 ሴንቲ ሜትር ያህል ተከፍቶ ታይቷል፤ ለውጡ ከቁጥር የሚገባ አይደለም። ነጭ ቀለምም ቢሆን ጥቂት ይቀንስ እንደሆነ እንጂ አያድንም። ጥላ ይሻላል፤ ግን ጥላ ይሄዳል። እርስዎ ከሥራ ወጥተው በሚያልፉበት ሰዓት ፀሐይዋ ዝቅ ስለምትል፣ በምዕራብ በኩል ባለው የጎን መስታወት ገብታ በቀጥታ የምታርፈው የሕፃኑ ፊትና ደረት ላይ ነው።

አሁን ወደ ልጁ። የሕፃን ሰውነት ከአዋቂ ከ3 እስከ 5 ጊዜ ፈጥኖ ይሞቃል ይባላል። ቆዳው ከክብደቱ አንጻር ሰፊ ስለሆነ ከውጭ ብዙ ሙቀት ይወስዳል፤ ላብ የማውጣት አቅሙ ገና ደካማ ነው፤ ልብሱን መግፈፍ አይችልም። እኛ ደግሞ «ንፋስ እንዳይመታው» ብለን ኮፍያ አጥልቀን፣ ካልሲ አድርገን፣ በጋቢ ጠቅልለነዋል። ሕፃን ሙቀቱን በብዛት የሚያስወጣው በጭንቅላቱ ነው። በሞቀ መኪና ውስጥ ኮፍያ ማድረግ የማሰሮ ክዳን እንደ መግጠም ነው። የሰውነቱ ውስጣዊ ሙቀት 40 ዲግሪ ሲያልፍ አንጎል መታወክ ይጀምራል፤ 42 አካባቢ ሲደርስ የሕዋሳት ጉዳቱ ለሞት ይዳርጋል።

ከሁሉም አታላዩ ግን እንቅልፉ ነው። ነቅቶ የሞቀው ልጅ ያለቅሳል፤ ሰው ይሰማል። ተኝቶ የሞቀው ግን ብዙ ጊዜ ሳያለቅስ ከእንቅልፍ ወደ መፍዘዝ፣ ከመፍዘዝ ራስን ወደ መሳት ይሻገራል። ከውጭ ለሚያየው ሦስቱም አንድ ናቸው፦ ዓይኑን የጨፈነ፣ ጉንጩ የቀላ፣ ጸጥ ያለ ሕፃን። የፓርኪንግ ልጁ በየደቂቃው ቢያይልዎት እንኳ የሚያየው «የተኛ ልጅ» ነው። ቁልፉም ያለው እርስዎ ቦርሳ ውስጥ ነው።

ልጁ መኪናው ውስጥ በምን ላይ እንደሚተኛ አልጻፉልንም። በልጅ ወንበር ከሆነ ሌላ ነገር ልጨምር። የሕፃን ጭንቅላት ከባድ፣ አንገቱ ደካማ፣ የአየር መተላለፊያው ጠባብ ነው። ወንበሩ በጣም ቀጥ ብሎ ከታሰረ ወይም የትከሻው ማሰሪያ ከላላ፣ አገጩ ደረቱ ላይ ይወድቅና ትንፋሹ ይታፈናል። ወደ ኋላ የሚያይ ወንበር 45 ዲግሪ ገደማ ይዘንብል፤ የትከሻው ማሰሪያ ከትከሻው እኩል ወይም ዝቅ ካለ ቦታ ይውጣ፤ የትከሻው አጥንት ላይ ያለው ማሰሪያ በሁለት ጣት መቆንጠጥ ከተቻለ ላልቷል። «እንዲመቸው» ብሎ ታችኛውን ፈትቶ የላይኛውን ብቻ መተው ከምንም የከፋ ነው፤ ልጁ ወደ ታች ሲንሸራተት አንገቱ ማሰሪያው ላይ ይቀራል። ወንበር ከሌለውና የኋላው መቀመጫ ላይ ከተኛ ደግሞ፣ የ7 ወር ልጅ ይገላበጣል፤ በወንበሮቹ መካከል ይወድቃል፣ ወይም ፊቱ ትራሱ ላይ ይደፋል። መኪናው እየሄደም ቢሆን ይህ ቦታው አይደለም።

«ሞተሩን ሳላጠፋ ኤሲ ብከፍትለትስ?» የሚሉም አሉ። ሞተር ይጠፋል፤ ኤሲ ይቆማል፤ ቁልፍ ያለበት መኪና ደግሞ ሌባ ይጋብዛል፤ ሌባው ከኋላ ሕፃን መኖሩን የሚያውቀው ከነዳው በኋላ ነው። ማርሚታው የተበሳ አሮጌ መኪና፣ በተለይ በተዘጋ ጋራዥ ውስጥ፣ ሽታም ቀለምም የሌለውን ካርቦን ሞኖክሳይድ ወደ ውስጥ ይለቃል።

5 ደቂቃው ራሱስ በእጅዎ ነው? ፋርማሲው ሰልፍ ይኖረዋል፤ ኔትወርክ ጠፍቶ ክፍያው አልገባም ይላል፤ የቆየ ወዳጅ ያገኙና ሰላምታው ይረዝማል።

ታዲያ ዳቦው እንዴት ይገዛ? ልጁን ከእናትዎ ቤት ከመውሰድዎ በፊት ይግዙ፤ ቅደም ተከተሉን መገልበጥ ብቻ ነው። ካልሆነ በር ላይ ቆመው ይደውሉ ወይም የሱቁን ልጅ ይጥሩ፤ መኪና ድረስ ማምጣት እዚህ አገር ብርቅ አይደለም። መውረድ ግድ ከሆነ አንድ እጅ ከጭንቅላቱና ከአንገቱ ሥር፣ ሌላውን ከመቀመጫው ሥር አስገብተው ቀስ ብለው ደረትዎ ላይ ይለጥፉትና በማዘያ ይዘሉት። የልብ ምትዎን እየሰማ ብዙ ጊዜ እንቅልፉን ይቀጥላል። ቢነጫነጭም ይነጫነጭ፤ የሚነጫነጭ ልጅ እየተነፈሰ ነው።

ቤት ሲደርሱ እንደተኛ ወንበሩ ላይ አይተዉት፤ ጠፍጣፋ ቦታ በጀርባው ያስተኙት። ግቢ ውስጥ የቆመውንም መኪና ይቆልፉ፤ ትልልቆቹ ልጆች ሊጫወቱ ገብተው በሩን ዘግተው ይቀራሉና።

አሜሪካ ላሉ አንባቢዎች፦ እዚያ ከ1998 እ.ኤ.አ. ወዲህ ከ900 በላይ ልጆች በሞቀ መኪና ውስጥ ሞተዋል። ከግማሽ በላይ የሚሆኑት የተረሱ ናቸው፤ አብዛኛውን ጊዜ የቀኑ ልማድ የተቀየረ ዕለት፣ ለምሳሌ ልጁን የማያደርሰው ወላጅ ባደረሰበት ቀን። ቦርሳዎን ወይም የግራ ጫማዎን ከኋላ ከልጁ አጠገብ ማስቀመጥ ያስቃል፤ ግን ይሠራል። ብዙዎቻችሁ በምትኖሩበት በሜሪላንድ ሕጉ ከ8 ዓመት በታች ያለን ልጅ ቢያንስ 13 ዓመት የሞላው ታማኝ ጠባቂ ሳይኖር መኪና ውስጥ ትቶ ከዓይን መራቅን ይከለክላል።

የጋለ ሕፃን ካጋጠመዎት፦ በሩ የተቆለፈ ከሆነና ባለቤቱ ወዲያው ካልተገኘ፣ ከልጁ የራቀውን የጎን መስታወት ጥጉ ላይ በጎማ መፍቻ ይምቱት፤ የፊቱ መስታወት ድርብ ስለሆነ አይረግፍም። አውጥተው ጥላ ሥር ያድርጉት፤ ልብሱን በሙሉ ያውልቁ፤ ቀዝቀዝ ባለ ውሃ መላ ሰውነቱን እያረጠቡ በካርቶንም በነጠላም ያራግቡ። የሚያቀዘቅዘው ውሃው ሲተን ስለሆነ፣ በእርጥብ ፎጣ ጠቅልሎ ማቆየት ሙቀቱን መልሶ ያፍናል። አልኮል አይቀቡት። እየነቃ በደንብ የሚጠባ ከሆነ ጡት ይስጡት፤ ከፈዘዘ ወይም ካስመለሰው በአፉ ምንም አይስጡ። ፓራሲታሞል አይረዳም፤ ትኩሳት አንጎል ራሱ ሙቀቱን ከፍ ሲያደርግ ነው፣ ይህ ግን ከውጭ የገባ ሙቀት ስለሆነ መድኃኒቱ የሚያወርደው ነገር የለም፤ ጉበቱን ሊጎዳ ግን ይችላል። «ምች ነው» ብሎ ዳማከሴ መጭመቅም ጊዜ ማጥፋት ነው።

ማቀዝቀዙን ሳያቋርጡ ሌላ ሰው 907 ወይም አዲስ አበባ ከሆኑ 939 ይደውል። ከቀዘቀዘ በኋላ ፈገግ ቢልም ሆስፒታል ይሂድ፤ የጉበትና የኩላሊት ጉዳት በማግስቱ ብቅ ሊል ይችላል። ለሐኪሙ ሦስት ነገር ይንገሩት፦ መኪናው ውስጥ ስንት ደቂቃ እንደቆየ፣ ሲገኝ ያለቅስ ወይስ ፈዝዞ እንደነበር፣ ዳይፐሩ ለመጨረሻ ጊዜ የረጠበው ስንት ሰዓት እንደሆነ።