መዳብ ላይ ያሳደግከው ግራፊን ድርብርብ ነጠብጣብ ሲያወጣ

ግራፊንን (የአንድ አቶም ውፍረት ያለውን የካርቦን ንጣፍ) ምድጃ ውስጥ በስስ የመዳብ ወረቀት (ፎይል) ላይ ስታሳድግ፣ አንድ ወጥ ንጣፍ ፈልገህ እዚህም እዚያም ድርብርብ ነጠብጣብ የሚወጣብህ አብዛኛውን ጊዜ ካርቦኑን የሚሰጠው ጋዝ፣ ሜቴኑ፣ በዝቶ ነው። አብሮት የሚገባውን ሃይድሮጅን ሳትነካ ሜቴኑን ቀንስ። ካልጠፋ ፎይሉን ተጠራጠር፤ ቆሻሻ ያለበት ቦታ ሁሉ ድርብርብ ያበቅላል።

1. ፎይሉን በአሴቲክ አሲድ እጠበው። በንጹህ ውሃ አለቅልቀህ በናይትሮጅን አድርቀው።
2. 1000 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ሲደርስ ሜቴን ሳትለቅ ግማሽ ሰዓት ያህል በሃይድሮጅን አቆየው። የመዳቡ ገጽ የሚስተካከለው እዚህ ስለሆነ ይህን ጊዜ አታሳጥር።

ከልምድ አንድ ነገር ልንገርህ፦ ምድጃው የሚያሳይህ ሙቀትና ፎይሉ ያለበት ሙቀት ሁልጊዜ አንድ አይደሉም። መዳብ 1084 ዲግሪ ላይ ይቀልጣል። እባክህ፣ ሙቀቱን ከመጨመርህ በፊት ፎይሉ የሚቀመጥበትን ቦታ በቴርሞካፕል (በሙቀት መለኪያ ሽቦ) ለካው።