ጋንና ግማሽ በርሜል ይዘሽ ፏፏቴ ለጠየቅሽው

እህቴ፣ ከንፈሩ የተሸረፈ አሮጌ ጋንና ለሁለት የተቆረጠ ሰማያዊ ፕላስቲክ በርሜል ይዘሽ ድሬዳዋ ግቢሽ ውስጥ ትንሽ ፏፏቴ መሥራት ይቻል እንደሆነ ጠይቀሻል። ትንኝ እንዳያመጣና ለሦስት ዓመት ልጅሽ አደጋ እንዳይሆንም ሰግተሻል። ይቻላል። ብቻ በርሜሉን ክፍት ገንዳ የማድረጉን ሐሳብ ተዪው። በርሜሉ መሬት ተቀብሮ ማጠራቀሚያ ይሁን፣ አፉ በመረብና በድንጋይ ይዘጋ። በርሜሉ ውስጥ የሚቀመጥ ትንሽ ፓምፕ ውሃውን በቱቦ ወደ ጋኑ ይግፋ፤ የሚታየው ከጋኑ አፍ ሞልቶ በሆዱ ላይ እየወረደ ድንጋዩ ውስጥ የሚጠፋው ውሃ ብቻ ይሁን። ልጅ በአንድ ጋት ውሃም ሊሰምጥ ስለሚችል ይህ አሠራር ያንንም ያስቀርልሻል።

አጥብቄ የምልሽ በከተማሽ ምክንያት ነው። አኖፌለስ ስቴፈንሳይ የሚባለው የወባ ትንኝ ረግረግ አይፈልግም፤ በርሜልና ሮቶ ውስጥ ባለ ንጹሕ ውሃ ይራባል፣ ክረምትንም አይጠብቅም። አገራችን ውስጥ መጀመሪያ የተገኘው እ.ኤ.አ. በ2016 ቀብሪ ደሃር ላይ ነው፤ በ2022 ድሬዳዋ ላይ የተነሳው የወባ ወረርሽኝም ከሱ ጋር የተያያዘ እንደነበር ጥናት አሳይቷል። ደንጊ የሚባለውን የትኩሳት በሽታ የምታስተላልፈው ኤደስ የተባለችው ትንኝም እንቁላሏን የምትጥለው እንዲህ ባለ ዕቃ ውስጥ ነው። በሙቀት ከእንቁላል እስከሚበር ትንኝ ከሳምንት እስከ ዐሥር ቀን ቢፈጅ ነው። «ውሃው ስለሚንቀሳቀስ ትንኝ አይደፍረውም» የሚሉሽን አትመኚ፤ መብራት ሲጠፋ ውሃው ይቆማል። የሚከላከልልሽ መረቡ ነው።

በርሜሉ ምን ይዞ እንደነበር አጣሪ። የጭማቂ ወይም የምግብ ዘይት ከነበረ በሳሙና ማጠብ ይበቃል፤ የፀረ ተባይ ወይም የአሲድ ከነበረ ታጥቦም አይሆንም። (የብረት በርሜል ያላችሁ፣ ነዳጅ የነበረበትን በግራይንደር አትቁረጡ፤ ውስጡ የቀረው ትነት በፍንጣሪ ይፈነዳል።)

የ200 ሊትር በርሜል ግማሹ ቁመቱ 45፣ ወርዱ 58 ሴንቲ ገደማ ነው። ጉድጓዱ 70 ሴንቲ ስፋትና 50 ሴንቲ ጥልቀት ይኑረው፤ ከሥሩ 10 ሴንቲ አሸዋ ጠቅጥቂ። የበርሜሉ ከንፈር ከመሬት 5 ሴንቲ ከፍ ብሎ ይቀራል፤ ያ ካልሆነ ጎርፍ ጭቃውን ይዞ ይገባል። ውስጡ ባለ 10 ብሎኬት አራት ፍሬ፣ ሁለት ሁለቱን አነባብረሽ፣ መሐላቸው 15 ሴንቲ ክፍተት ትተሽ አቁሚ። ክብደቱን የሚሸከሙት ብሎኬቶቹ ናቸው፤ የበርሜሉ ከንፈር አይችለውም። በላያቸው ባለ 8 ፌሮ ፍርግርግ፣ አንቲረስት የተቀባ። ብየዳ ቤቱ መሐሉ ላይ የፌሮ ማቶት ይበይድልሽ፤ የጋን ቂጥ ክብ ስለሆነ ያለ ማቶት አይቆምም። ፍርግርጉ ላይ የመስኮት ትንኝ መከላከያ ሽቦ፣ ከዚያ የቡጢ መጠን ያለው ድንጋይ። ጥግ ላይ 25 ሴንቲ የሚከፈት በር ማስቀረት አትርሺ፤ ፓምፑ በተደፈነ ቁጥር ድንጋዩን ሁሉ ማንሳት እንዳይኖርብሽ።

ጋኑን ከሥሩ የምትበሺው በ22 ሚሊ ሜትር የሴራሚክ መብሻ ነው። ድሪሉ መዶሻው ይጥፋ፣ ቀስ ይበል፣ ውሃ ይንጠብጠብበት፤ በግፊት ከሄደ ጋኑ ይሰነጠቃል። ሮቶ ላይ የሚገጠመውን ባለ ጎሚኒ የግማሽ ኢንች ማያያዣ በሲሊኮን አጣብቂ። ትንሽ ቢያንጠባጥብ አያስጨንቅሽ፣ የሚንጠባጠበው ወደ በርሜሉ ነው።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው ከዚህ በኋላ ነው። ቱቦው ጋኑ ሥር ላይ ካበቃ፣ መብራት በጠፋ ቁጥር የጋኑ ውሃ በሙሉ በፓምፑ በኩል ተመልሶ በርሜሉን ያጥለቀልቃል። ስለዚህ ቱቦውን ጋኑ ውስጥ ሽቅብ አውጪና ጫፉ ከከንፈሩ 6 ሴንቲ ዝቅ ብሎ ይቁም። ዙሪያውን በታጠበ ጠጠር ሙይው፤ ጠጠሩ ከከንፈሩ 4 ሴንቲ ዝቅ ብሎ ይቁም። ፓምፑ ሲቆም የሚመለሰው ቢበዛ 3 ሊትር ነው፤ የቀረው ውሃ ከጠጠሩ በታች ስለሚሆን የጋኑ አፍ ላይ ክፍት ውሃ አይተኛም።

ጋኑን በውሃ ልክ አስተካክዪ። ጥቂት ሚሊ ሜትር ካዘነበለ ውሃው በአንድ ወገን ብቻ ይወርዳል። የተሸረፈውን ወገን ወደምትቀመጪበት አዙሪው፤ ውሃው የሚበዛው በዚያ ነው። የጋኑ ሆድ ወርዱ ከ40 ሴንቲ ካለፈ የሚረጨው ውሃ ውጭ ይቀራል፤ እንዲህ ከሆነ ወፍራም ሸራ ወደ በርሜሉ አዘንብለሽ ከድንጋዩ ሥር አንጥፊ።

ፓምፑ በሰዓት 1,000 ሊትር፣ ከፍተኛ ከፍታው 2 ሜትር የሚል ይሁን። ካርቶኑ ላይ ያለው ሊትር ከፍታ በሌለበት የተለካ ነው፤ አንቺ ጋ ከ70 እስከ 80 ሴንቲ ስለሚወጣ ከዚያ በጣም ይቀንሳል። ኃይሉ 20 ዋት ገደማ ስለሆነ በቀን 8 ሰዓት ቢሠራ በወር 5 ኪሎ ዋት ሰዓት አይሞላም። ከሥሩ ግማሽ ጡብ አድርጊለት፣ ዝቃጭ እንዳይስብ። መስመሩ 30 ሚሊ አምፔር የኤሌክትሪክ ፍሳሽ ሲያገኝ ራሱ የሚያጠፋ ብሬከር ይኑረው፤ ገመዱም ሶኬቱ ጋ ሳይደርስ ወደ ታች ይጠምዘዝ፣ ውሃ በላዩ እንዳይሄድ።

የድሬ ውሃ ካልሲየም የበዛበት ነው፤ ጋኑ ላይና ፓምፑ ውስጥ ነጭ ቅርፊት ይሠራል። የፓምፑን መዘውር በወር አንዴ አውጥተሽ አቼቶ ውስጥ ዘፍዝፊው። ለአልጌ በሳምንት አንድ የሻይ ማንኪያ በረኪና ለ80 ሊትር ይበቃል። በረኪናና አቼቶ ግን ፈጽሞ አይገናኙ፣ መርዛማ ጋዝ ይወጣቸዋል። በበጋ የውሃውን መጠን በየሁለት ቀኑ እዪ፤ ፓምፑ ማንኮራፋት ከጀመረ ውሃ አንሶታል፣ ደርቆ ከሠራ ይቃጠላል። ለረጅም ጊዜ ከቤት የምትወጪ ከሆነ ውሃውን አፍስሺና የበርሜሉን ግድግዳ በብሩሽ ፈግፍጊ፤ የኤደስ እንቁላል ግድግዳው ላይ ተጣብቆ በደረቁ ወራት ይቆያልና።

አዲስ አበባና ቢሾፍቱ ዋልካ አፈር ላይ ያላችሁ ደግሞ፣ በበርሜሉ ዙሪያ 10 ሴንቲ ቀይ አሽ ሙሉ፤ አፈሩ በክረምት ሲያብጥ በርሜሉን ይገፋል፣ ጋኑንም ያዘነብላል። ክረምት ላይ በርሜሉን ባዶ አትተዉት፣ ሥሩ ውሃ ሲቋጥር ወደ ላይ ይነሳል።