ማንኪያው ላይ ያለው «ኤች ቢ» የማን ነው?

ልትገዛው ያሰብከው አሮጌ የብር ማንኪያ ላይ «ኤች ቢ» (HB) የሚሉ ፊደላት እንዳሉ፣ የንጉሥ ራስ ምልክት ግን እንደሌለው ነግረኸኛል። ተያይዞ የተጻፈ «ኤች ቢ» ከሆነ የሄስተር ቤትማን የመሆን ዕድሉ ሰፊ ነው። የለንደን ብር አንጥረኛ ነበረች። ባሏ ከሞተ በኋላ በ1761 (በፈረንጆቹ) ሥራዎቿ ላይ የሚመታውን የራሷን ምልክት አስመዘገበች፤ በ1790 ሥራውን ለልጆቿ ለቀቀች።

ግን በሁለት ፊደል ብቻ አትፍረድ፤ ቀሪዎቹን ምልክቶችም እይ።

1. የሚራመደው አንበሳ፦ ብሩ 92.5 በመቶ ንጹሕ ነው።
2. ዘውድ የደፋው የነብር ራስ፦ ብሩ ተመርምሮ ምልክት የተመታበት ከተማ ለንደን ነው። መልሕቅ ቢሆን በርሚንግሃም ነበር፤ ያኔ ሄስተርን እርሳት።
3. የንጉሥ ራስ የለውም ብለሃል። ይህ ቀረጥ መከፈሉን የሚያሳይ ምልክት ነው፤ የተጀመረው በ1784 መጨረሻ ላይ ነው። ስለዚህ ማንኪያው ከዚያ በፊት የተሠራ ይመስላል።
4. የዓመቱ ፊደል፦ ምልክቱ የተመታበትን ዓመት ያሳያል። በዚያ ዘመን ለንደን በ20 ፊደላት እየዞረች ትደግማቸው ነበር። ፊደሉን ብቻ ሳይሆን አጻጻፉንና በዙሪያው ያለውን የጋሻ ቅርጽም ከዓመት ፊደላት ሠንጠረዥ ጋር አስተያይ።

ምልክቶቹ ተጨማደው መታየታቸው አያስደንግጥህ። በዚያ ዘመን የሚመቱት እጀታው ላይ፣ ወደ ጎድጓዳው ጠጋ ተብሎ ነበር። ምቱ ያጣመመውን እጀታ አንጥረኛው መልሶ በመዶሻ ሲያቃና ምልክቱም አብሮ ይጨፈለቃል።

አደራ፣ ለማንበብ ብለህ እንዳትፈትገው! ካየኋቸው ማንኪያዎች ብዙዎቹን ያበላሻቸው ዕድሜ ሳይሆን ጽዳት ነው። የስልክህን መብራት ከጎን አጋድመህ አብራበት፤ ጥላው ፊደሉን ያወጣዋል። የፊደሎቹ ጠርዝ ተበልቶ ካገኘኸው ደግሞ ሻጩ የጠራውን ዋጋ አትክፈል።