ሁለት ገጽ አንብቤ የመለስኩት ታሪክ

ባለፈው ሳምንት አንዲት ልጅ ደውላ፣ «ጋሼ፣ የምጽፈው ምናባዊ ታሪክ ብቻ ነው፤ ያውም አጫጭር። ልተወው ይሆን?» አለችኝ። ቶሎ መመለስ አቃተኝ።

በጉልምስናዬ የአንድ ጋዜጣ የእሑድ ገጽ አዘጋጅ ነበርኩ። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ቀጭን ልጅ ስምንት ሉክ ወረቀት ይዞ ገባ። በሰማያዊ እስክሪብቶ ጥቅጥቅ ተደርጎ ተጽፏል፤ ኅዳግ እንኳ አልተወለትም። ታሪኩ ዓሣዎችን በዋኙበት ልክ ግብር ስለሚያስከፍል የወንዝ ሹም ነበር፤ ለከፈለ ዓሣ ሁሉ ደረሰኝ ይቆርጣል። ሁለተኛው ገጽ ላይ ሳቄ አመለጠኝ። ቢሆንም ኮስተር ብዬ፣ «ይህ የልጆች ተረት ነው፤ ቁም ነገር አምጣ» አልኩት። ወረቀቱን አጣጥፎ ኮቱ ኪስ ከተተ። «ሌላ ላምጣ?» ሲለኝ ስልክ ጮኸ፤ አነሳሁት። ስዘጋው ወንበሩ ባዶ ነበር።

እንግሊዛዊው የምናባዊ ታሪክ ደራሲ ቴሪ ፕራቼት የመጀመሪያ ታሪኩ በትምህርት ቤቱ መጽሔት ሲወጣለት የ13 ዓመት ልጅ ነበር። በ17 ዓመቱ የአካባቢ ጋዜጣ ሪፖርተር ሆኖ ለልጆች ዓምድ ተረት ይጽፍ ጀመር። በኋላም የኤሌክትሪክ መሥሪያ ቤት ቃል አቀባይ ሆኖ እየሠራ መጻፉን አልተወም። በአራት ዝሆኖችና በአንዲት ኤሊ ጀርባ ላይ ስለተቀመጠችው ምናባዊ ዓለሙ ብቻ 41 ልብወለድ ጽፏል። በ2015 እ.ኤ.አ. ከሞተ ከስምንት ዓመት በኋላ ደግሞ «ኤ ስትሮክ ኦፍ ዘ ፔን» የተባለ የአጫጭር ታሪኮች መድበል ወጣለት። 20 ታሪኮች ናቸው፤ አብዛኞቹን በብዕር ስም ለክፍለ ሀገር ጋዜጣ የጻፋቸው ሲሆኑ፣ አድናቂዎቹ አሮጌ ጋዜጣ ሲያገላብጡ አገኟቸው። እኔን ያስቀናኝ ደራሲው አይደለም፤ ታሪኮቹን ያሳለፈው አዘጋጅ ነው።

አንብቡ ብዬ አላደክማችሁም። የዛሬ ልጆች ግን ሦስት ገጽ ሳትጽፉ ሦስት ቅጽ ታቅዳላችሁ፤ ስልክ ስትቀይሩ ደግሞ ጽሑፋችሁም አብሮ ይጠፋል። የጻፋችሁትን አትጣሉ። እርግጥ ፕራቼት ራሱ ያላለቁ ሥራዎቹ እንዲጠፉ ተመኝቶ ነበርና፣ በ2017 እ.ኤ.አ. ሃርድ ዲስኩን በእንፋሎት ዳምጠው አስደፍጥጠውለታል። ይህንንም ወድጄለታለሁ፤ ምን ላድርግ!

ለልጅቷ መልሼ ደወልኩና «ያሉሽን ሁሉ ይዘሽ ነይ» አልኳት። ለመሆኑ እነዚያ ዓሣዎች ውኃ ውስጥ ደረሰኛቸውን የት ያስቀምጡት ነበር? ሦስተኛው ገጽ ላይ ሳይኖር አይቀርም።