መዞር ለሚሰለቸው ሰው የቤት ዕቃ ከየት ይጀመራል?

ጥያቄ፦ ሰላም አዘጋጆች። አራተኛ ፎቅ ላይ ባለ አንድ መኝታ ኮንዶሚኒየም ተከራይቼ ገብቻለሁ። ቤቱ ባዶ ነው፣ ፍራሽ መሬት ላይ ዘርግቼ ነው የምተኛው። ሱቅ ለሱቅ መዞርና ዋጋ መከራከር ግን ፈጽሞ አልወድም። ከምን ልጀምር?

መልስ፦ ወንድሜ፣ መጀመሪያ አልጋ። የፍራሽህን ስፋት ለካ፤ አንድ ሜትር ከሃያ ከሆነ የአንድ ሃያ አልጋ፣ አንድ ሃምሳ ከሆነም እንደዚያው። ቀጥሎ ቁምሳጥን፣ ከዚያ አንድ ጠረጴዛና ሁለት ወንበር። በቃ። ሶፋና ቡፌ ሁለት ወር ይቆዩ፤ እየኖርክበት የቱ ጋ መቀመጥ እንደምትወድ ታውቀዋለህ።

ከመውጣትህ በፊት ሜትር ያዝ። ክፍሉን ብቻ ሳይሆን በሩንና የደረጃውን መታጠፊያም ለካ፣ ምክንያቱም ሊፍት በሌለው ብሎክ ዕቃው አራተኛ ፎቅ ድረስ የሚወጣው በሰው ትከሻ ነው፣ እኔ ራሴ ባለ ሦስት መቀመጫ ሶፋ ገዝቼ ሁለተኛው ፎቅ ላይ አልታጠፍ ብሎኝ መልሼ አውቃለሁ። ቁምሳጥኑ ተፈታቶ የሚገጠም ይሁን።

መዞር ካስጠላህ ሰፈርህ ያለ የእንጨት ሥራ ቤት ሄደህ ልኩን ስጥና አሠራ። ዋንዛ ውድ ነው፣ ግን ዕድሜ አለው። ኤምዲኤፍ (ከተፈጨ እንጨት ተጨምቆ የሚሠራው ጣውላ) ይረክሳል፣ ውሃ ሲነካው ግን ያብጣል፤ ወጥ ቤት አታስገባው። ቀብድ ከግማሽ በላይ አትክፈል፣ የሚያስረክብህን ቀን በወረቀት አስፍር። ዋጋ መከራከር የምትችል እህት ወይም ጓደኛ ካለችህ ይዘሃት ሂድ፤ አንተ ልኩን ያዝ፣ ዋጋውን እሷ ትጨርስልህ።