የአባትሽ ዝምታ እርጅና ነው ወይስ የድብርት ሕመም?

እህቴ፣ እናትሽ ካረፉ ወዲህ አባትሽ ምግብ እየቀነሱ መምጣታቸውን፣ ሌሊቱን ነቅተው እንደሚያድሩ፣ ወገባቸውንና ሆዳቸውን ቢያማቸውም በምርመራ ምንም አለመገኘቱን፣ መርሳትም መጀመራቸውን ገልጸሽ፣ «ዕድሜ ነው» የሚሉሽን ልቀበል ወይ ብለሽ ጠይቀሻል። እናቴን በተመሳሳይ ሕመም ያስታመምኩ እንደመሆኔ፣ አትቀበዪ እላለሁ። ድብርት ከእርጅና ጋር የግድ የሚመጣ ነገር ሳይሆን ሊታከም የሚችል ሕመም ነው።

አስቸጋሪው ነገር ብዙ አረጋውያን «ከፍቶኛል» አለማለታቸው ነው። እናቴ ስታለቅስ አላየናትም፤ የምታማርረው ስለ ድካሟና ስለ ራስ ምታቷ ነበር፤ ይልቁንም ያሳሰበን የልጅ ልጆቿ ሲመጡ እንኳ ደስ አለማለቷ ነው። ቀድሞ የሚወዱትን ነገር መጥላት ከሁለት ሳምንት በላይ ከዘለቀ፣ ሐዘን ቢኖርም ባይኖርም፣ ለሐኪም መታየት ያስፈልጋል።

መርሳቱን በተመለከተ፣ ድብርት ትኩረትን ስለሚያዳክም የመርሳት በሽታ ሊመስል ይችላል። በድብርት የተያዘ ሰው አብዛኛውን ጊዜ ስለ መርሳቱ ራሱ ያማርራል፣ ሲጠየቅም «አላውቅም» ብሎ ይተወዋል፤ የመርሳት በሽታ ያለበት ግን ጉድለቱን ላያስተውለው ወይም ሊሸፍነው ይችላል። ሁለቱ አብረው የሚገኙበት ጊዜም ስላለ፣ መለየቱ የሐኪም ሥራ ነው። የታይሮይድ ችግር፣ የደም ማነስና የቫይታሚን ቢ12 እጥረትም ተመሳሳይ ምልክት ስለሚያሳዩ የደም ምርመራ ይደረግላቸው፤ የሚወስዷቸውንም መድኃኒቶች በሙሉ ይዘሽ ሂጂ።

ሕክምናው የንግግር ሕክምና (ከባለሙያ ጋር ስለ ስሜት መወያየት)፣ መድኃኒት ወይም ሁለቱም ሊሆን ይችላል። መድኃኒቱ ለአረጋውያን በአነስተኛ መጠን ተጀምሮ ቀስ በቀስ ይጨመራል፤ ለውጡም የሚታየው ከሳምንታት በኋላ ስለሆነ፣ ቤተሰብ ተስፋ ቆርጦ የሚያስቋርጠው (በእኛም ቤት ይህን የመከረ አልጠፋም) ገና መሥራት ሳይጀምር ነው። እንደ ሰርትራሊን ያሉት የድብርት መድኃኒቶች በአረጋውያን ደም ውስጥ ያለውን ሶዲየም (የጨው ንጥረ ነገር) ሊቀንሱ ስለሚችሉ፣ ድንገት ግራ ከተጋቡ ወይም ከወደቁ ወዲያውኑ ለሐኪሙ አሳውቂ። ለእንቅልፍ ብለሽ ዲያዜፓም በራስሽ ፈቃድ አትስጫቸው፤ ለመውደቅና ለአጥንት ስብራት ያጋልጣልና።

«ምነው ሞቼ ባረፍኩት» የሚል ቃል ከሰማሽ፣ ራሳቸውን ለማጥፋት አስበው እንደሆነ በግልጽ ጠይቂያቸው፤ መጠየቁ ሐሳቡን አያመጣባቸውም። አዎ ካሉ ብቻቸውን አትተያቸው፣ መድኃኒቶቹን ከአጠገባቸው አርቂ፣ በዚያው ቀንም ሐኪም ዘንድ አድርሻቸው።