ጥያቄና መልስ፦ የስክሪኑ ጠርዝ ሲጠብ ሽቦው የት ይግባ?

የዛሬው ርዕስ የተች ስክሪን የጠርዝ ሽቦና ፍሌክስ (ስክሪኑን ከቦርዱ ጋር የሚያገናኘው ተጣጣፊ ሪባን) ነው። የሚመልሱልን ደሴ ፒያሳ ለዓመታት ስልክ የጠገኑት፣ ሁላችንም ጋሼ የምንላቸው ሰው ናቸው። «ሞዴልና የብልሽት ምልክት ያልጻፈ አይጠይቀኝ» ብለዋል።

ከሐይቅ፦ ጋሼ ተቹ እንቢ አለ፣ ምን ይሻላል?

ጋሼ፦ የምን ስልክ? እንቢ ያለው ሙሉው ነው ወይስ አንድ ጎኑ? ገና ከመጀመሪያው! ቀጥሉ።

ከኮምቦልቻ፦ ጋሼ እንደምን አሉ? የቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩቱ ተማሪ ነኝ። ለመመረቂያ አነስተኛ ተች ፓነል እየነደፍኩ ነው። ንክኪ የሚለዩ 30 ረድፍና 16 ዓምድ መስመሮች አሉት፣ ፍሌክሱ ከታች ይወጣል። የጎን ጠርዙ ከ1 ሚሊሜትር እንዲያንስ እፈልጋለሁ።

ጋሼ፦ ጥያቄ ማለት ይሄ ነው፣ ተባረኪ ልጄ!

ዓምዶቹን እርሺያቸው፣ ቀጥ ብለው ወደ ፍሌክሱ ይወርዳሉ። ጠርዝ የሚበሉት ረድፎቹ ናቸው። እያንዳንዱ በጎን ወጥቶ እስከ ታች መውረድ አለበት። ከብር ማዕድን በተሠራ ቀለም አትመሽ ሽቦውን 50 ማይክሮን፣ ክፍተቱንም 50 ብታደርጊው አንድ መስመር 0.1 ሚሊ ይወስዳል። 30ውን በአንድ ጎን ከደረደርሽ 3 ሚሊ ሄደ። ጎዶሎዎቹን በግራ፣ ሙሉዎቹን በቀኝ ብታወጪ በየጎኑ 1.5 ይሆናል። አሁንም አይበቃሽም። ስለዚህ ኅትመቱን ትተሽ በብርሃን ወደሚቀረጽ መዳብ ሂጂ። 20 በ20 ማይክሮን ከሆነልሽ፣ 15 መስመር በ0.6 ሚሊ ይገባል።

ግን ሽቦ ሲቀጥን ሬዚስታንሱ ይጨምራል። ከፍሌክሱ የራቀው የላይኛው ረድፍ ሲግናሉ ይዘገያል። መፍትሔው እዚያው ጠርዙ ላይ አለ። ላይኛው ጥግ የሚያልፈው አንድ መስመር ብቻ ነው፣ ታች ሲደረስ ነው የሚጨናነቀው። ስለዚህ የላይኛውን ከላይ አስፊው፣ ሌሎቹ ከጎኑ እየተጨመሩ ሲመጡ ቀስ በቀስ አጥብቢው። ብዙ ሰው ከላይ እስከ ታች አንድ ስፋት ሰጥቶ ቦታውን በከንቱ ይተወዋል።

ፍሌክሱ ወደ ኋላ የሚታጠፍበት ቦታ ላይ ቪያ (ሌየሮችን፣ ማለትም የሽቦ ንብርብሮችን፣ የሚያገናኝ ቀዳዳ) አታድርጊ። ሽቦዎቹ መታጠፊያውን ቀጥ ብለው ይሻገሩት፣ ስፋታቸውም እዚያ አይቀየር። ለነጠላ ሌየር የመታጠፊያው ራዲየስ ቢያንስ የውፍረቱን 6 እጥፍ ይሁን፣ እኔ 10 እመርጣለሁ።

ከወልዲያ፦ ፍሌክሱ ከመስታወቱ ተላቀቀብኝ። በካውያ ልበይደው?

ጋሼ፦ አይሆንም! ካውያ ወደ መስታወት አታስጠጉ። እዚያ ያለው ሊድ (የመበየጃ ብረት) አይደለም፣ ስስ ማጣበቂያ ነው። ውስጡ ብረት የተለበጡ፣ በዓይን የማይታዩ ኳሶች አሉ። ማሽኑ ሲያሞቅና ሲጫን ኳሶቹ በፍሌክሱና በመስታወቱ ፓዶች (የመገናኛ ነጥቦች) መካከል ይጨፈለቃሉ። ከላይ ወደ ታች ያስተላልፋሉ፣ ወደ ጎን ግን አይነካኩም። እንደዚያ ባይሆን ያን ሁሉ ፓድ በዚያች ቦታ ማገናኘት አይታሰብም። ሙቀቱም ግፊቱም ከዳር እስከ ዳር እኩል መሆን አለበት። የካውያ ጫፍ ይህን አይሰጥህም፣ መስታወቱን ይሰነጥቀዋል እንጂ።

ከከሚሴ፦ እኔ ግን ከላይ ጎማ አድርጌ በካውያ ተጭኜ ሠርቶልኛል፣ ወላሂ።

ከደሴ፦ ስንት ቀን ቆየ?

ከከሚሴ፦ ደንበኛው አልተመለሰም።

ከደሴ፦ ስልኩን ጥሎት ይሆናላ! ሙሉ ስክሪን ቀይረህለት ብትገላገል አይሻልም?

ከከሚሴ፦ በእናንተ በደሴ ዋጋ? ኮምቦልቻ ወርጄ ብገዛ ይሻለኛል።

ከደሴ፦ የኮምቦልቻው እኮ ኮፒ ነው።

ጋሼ፦ ዋጋ መከራከር ያማራችሁ ሰኞ ገበያ ውጡ። እዚህ ስለ ሽቦ ነው የምናወራው።

ከላሊበላ፦ የአዳዲሶቹ ስልኮች የታችኛው ጠርዝ እንዴት እንዲህ ጠበበ?

ጋሼ፦ ድሮ የዲስፕሌዩ ቺፕ መስታወቱ ላይ፣ ከታች በኩል ይቀመጥ ነበር። ለእሱም ለፍሌክሱም ቦታ ይፈልጋል። በኋላ ቺፑን ፍሌክሱ ላይ አውጥተው ወደ ጀርባ አጠፉት። ተጣጣፊ ኦሌድ የሚባለው ስክሪን ሲመጣ ደግሞ ራሱ ፓነሉ ፕላስቲክ ላይ ስለሚሠራ ጫፉን አጠፉት። በ2017 የወጣው አይፎን ኤክስ እንዲያ ነው። በብዙ ኤልሲዲ ስልኮች ተቹንና ዲስፕሌዩን አንድ ቺፕ ስለሚነዳቸው ሁለተኛው ፍሌክስ ቀርቷል። ለጠጋኙ ግን መከራ ነው፤ የታጠፈችው ጠርዝ ላይ ክራክ ከገባ ሁሉም ነገር አብሮ ይሄዳል። ፍሬሙን ስትከፍቱ መክፈቻውን ከታች በኩል አታስገቡ።

ከመርሳ፦ ቻርጅ ላይ ሲሰካ ብቻ ተቹ ያብዳል።

ጋሼ፦ ቻርጀሩን ቀይር። ቀጥሉ።

ከሐይቅ፦ ጋሼ፣ የተላቀቀ ፍሌክስ በብሎወርስ አይያዝም?

ጋሼ፦ ወንድሜ፣ ለወልዲያው ልጅ ምን አልኩ? ብሎወር ያሞቃል፣ አይጫንም። ካውያም ብሎወርም ወደ መስታወት አታስጠጉ! የአንተስ ስልክ ሞዴሉ ተገኘ?

ከኮምቦልቻ፦ ጋሼ ይቅርታ፣ የላኪና የተቀባይ መስመሮች (ረድፎቹና ዓምዶቹ) ፍሌክሱ ጋ ሲደርሱ ጎን ለጎን ሆኑብኝ። ችግር አለው?

ጋሼ፦ አለው እንጂ። የላኪው ሲግናል ወደ ተቀባዩ ዘልሎ ጠርዙ ላይ ያልተነካውን ተነካ ይልሻል። በመካከላቸው አንድ የግራውንድ መስመር አስገቢ። ሁለቱ ቡድኖች በሚጎራበቱበት ብቻ ስለሆነ ብዙ ቦታ አይወስድብሽም። አብሽሪ፣ ንድፉን በፎቶ ላኪው፣ ማታ መብራት ካለ አየዋለሁ።